የመኪና ማስጠንቀቂያ መብራቶችና የደህንነት ሥርዓቶች፦ በመርሳ፣ በወልድያና በጋሸና መንገድ

በመኪና ዳሽቦርድ ላይ ያሉት ትንንሽ መብራቶች ሥራቸው አንድ ነው፤ ከዓይን የተሰወረውን የመኪናውን ሁኔታ ለአሽከርካሪው አስቀድሞ መንገር። የፍሬን ዘይት ሲጎድል፣ የሞተር ዘይት ግፊት ሲወርድ፣ ሞተሩ ከመጠን በላይ ሲግል፣ ዲናሞው ባትሪውን መሙላት ሲያቆም፣ ብዙ ጊዜ ጉዳቱ በድምፅ ወይም በጠረን ከመታወቁ በፊት አንድ ምልክት ይበራል። ምልክቱ ከበራበት ጉዳቱ እስከሚደርስበት ያለው ጊዜ አንዳንዴ ሳምንታት፣ አንዳንዴ ደግሞ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው። ምልክቱን የሚያውቅ አሽከርካሪ በዚያ ጊዜ መኪናውን ያድናል፤ ከመኪናውም በላይ የሰው ሕይወት ያድናል። ለማያውቀው ግን መብራቱ ቢበራም ባይበራም ያው ነው።

ይህ እውቀት በሰሜን ወሎ መንገዶች ላይ ይበልጥ ያስፈልጋል። ከደሴ ወደ መቀሌ የሚዘልቀው ዋና መንገድ ከውጫሌ ቀጥሎ በሐብሩ ወረዳ በውርጌሳና በመርሳ ያልፋል፤ ሲሪንቃን አልፎ ወልድያ ይገባል፤ ከዚያም አላ ውሃን ተሻግሮ ወደ ቆቦ ሜዳ ይወርዳል። ከወልድያ ወደ ምዕራብ የሚታጠፈው መንገድ ደግሞ በሳንቃና በድልብ በኩል እየተጠማዘዘ ወደ ጋሸና ይወጣና ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወረታ ይቀጥላል። መርሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ወልድያ ከ2,000 ሜትር ትበልጣለች፤ ጋሸና ደግሞ 3,000 ሜትር ትጠጋለች። አንድ መኪና በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከቆላ ሙቀት ወደ ደጋ ብርድ ይወጣል፣ መልሶም ይወርዳል። ሽቅቡ ሞተሩን ያግላል፤ ቁልቁለቱ ፍሬኑን ይፈትናል። በሜዳ ላይ ለወራት ተደብቆ የቆየ ብልሽት በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ በአንድ ቀን ይወጣል።

(የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

የመብራቶቹ ትርጉም ከቀለማቸው ይጀምራል። ምልክቶቹ በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በአይሶ 2575 የተወሰኑ ስለሆኑ፣ መኪናው ጃፓን ተሠራ ቻይና ወይም ጀርመን፣ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ናቸው። ቀይ አደጋ ማለት ነው፤ መኪናው ተስማሚ ቦታ እንደተገኘ ወዲያው መቆም አለበት። ቢጫ ማስጠንቀቂያ ነው፤ መኪናው በጥንቃቄ ሊሄድ ይችላል፣ ነገር ግን ጉዳዩ ሳይውል ሳያድር መታየት አለበት። አረንጓዴና ሰማያዊ አንድ ነገር በሥራ ላይ መሆኑን ብቻ ይናገራሉ፤ አረንጓዴ ለፍሬቻና ለአጭር መብራት፣ ሰማያዊ በአብዛኛው ለረጅም መብራት ነው። አሽከርካሪው የምልክቱን ስም ባያውቅ እንኳ ቀለሙን ማወቁ ለመጀመሪያው ውሳኔ ይበቃዋል።

ቀጥሎ የሚመጣው ቁልፉ ሲዞር ያለው ቅጽበት ነው። ቁልፉ ሞተሩን ሳያስነሳ እስከ ሁለተኛው እርከን ሲዞር፣ በአዳዲሶቹ መኪኖችም የማስነሻ ቁልፉ ሲጫን፣ ቀይና ቢጫ መብራቶቹ አብዛኞቹ በአንድ ጊዜ ቦግ ይላሉ። ይህ ብልሽት አይደለም፤ መኪናው አምፖሎቹ መሥራታቸውን እያሳየ ነው። ሞተሩ ሲነሳ የዘይቱና የባትሪው መብራት ወዲያው ይጠፋሉ፤ የኤርባጉና ጎማ እንዳይቆልፍ የሚያደርገው የኤቢኤሱ ሥርዓት ራሱን ፈትሾ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ መብራቱን ያጠፋል፤ የእጅ ፍሬን መብራት ፍሬኑ እስኪለቀቅ ይቆያል። ከዚያ በኋላ በርቶ የቀረ መብራት ካለ ችግር አለ። ከዚህ እኩል መታየት ያለበት ደግሞ ቁልፉ ሲዞር ጭራሽ ያልበራ መብራት ነው። አምፖሉ ተቃጥሎ፣ ወይም ብልሽቱን ለመደበቅ ሆን ተብሎ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል። ያገለገለ መኪና የሚገዛ ሰው ይህን የጥቂት ሴኮንድ ፍተሻ ሳያደርግ ገንዘብ መክፈል የለበትም። ለምሳሌ ተጋጭቶ የተጠገነና ኤርባጉ ያልተተካ መኪና ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በኤርባግ መብራቱ ነው፤ ወይ አይበራም፣ ወይ በርቶ አይጠፋም።

(የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

ከሁሉም መብራቶች የመጀመሪያውን ቦታ የሚይዘው የፍሬን ምልክት ነው። በክብ ውስጥ የቃለ አጋኖ ምልክት ያለበት ቀይ መብራት ነው። የመጀመሪያው መልእክቱ ቀላል ነው፤ የእጅ ፍሬን አልተለቀቀም። ተለቅቆም ካልጠፋ ብዙ ጊዜ የፍሬን ዘይት ጎድሏል ማለት ነው። ዘይቱ በሁለት መንገድ ይጎድላል። ሸራው ሲያልቅ ፒስቶኖቹ ወደ ውጭ ስለሚገፉ ዘይቱ ተከትሏቸው ከማጠራቀሚያው ዝቅ ይላል፤ ይህ ዝግ ብሎ የሚመጣ ነው። ሁለተኛው ከቱቦ ወይም ከጎማ ሥር የሚፈስ ዘይት ነው፤ ይህ ፈጣንና አደገኛ ነው። ስለዚህ መብራቱ የበራበት ሰው ዘይት ጨምሮ መንገዱን መቀጠል የለበትም፤ ዘይቱ ወዴት እንደሄደ መታወቅ አለበት። ከመብራቱ ጋር ፔዳሉ ከወትሮው ዝቅ ብሎ የሚገባ ወይም ሲረገጥ የሚለሰልስ ከሆነ መኪናው ከቆመበት መነሳት የለበትም።

የፍሬን ዘይት ሌላም ጠባይ አለው፤ ከአየሩ እርጥበት ይስባል። አዲስ ዶት 3 ዘይት የሚፈላው ከ205 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ነው፤ እርጥበት የያዘ ያው ዘይት ግን ወደ 140 ዲግሪ አካባቢ ሊፈላ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ ዘይት ሲጫን አይታመቅም፣ እንፋሎት ግን ይታመቃል። አሽከርካሪው ፔዳሉን ሲረግጥ እግሩ እስከ ወለሉ ይዘልቃል፣ መኪናው ግን አይይዝም። ብዙ አምራቾች ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ እንዲቀየር የሚያዙት ለዚህ ነው። ይህ አደጋ ከመድረሱ በፊት መብራት ላይበራ ይችላል፤ ዘይቱ አልጎደለምና። ስለዚህ የፍሬን ጉዳይ በመብራቱ ብቻ አይጠናቀቅም፤ የአነዳድ ዘዴ ይጨመርበታል።

ከጋሸና ወደ ወልድያ የሚወርድ ኢሱዙ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። መኪናው ከነጭነቱ 8,000 ኪሎ ግራም ቢመዝንና 900 ሜትር ከፍታ ቢወርድ፣ መንገድ ላይ ወደ ሙቀት የሚለወጠው ጉልበት ከ70 ሚሊዮን ጁል ይበልጣል። አንድ ሙሉ በርሜል ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ይህ ሁሉ ሙቀት በፍሬን ሸራውና በታምቡሩ ላይ ብቻ ከወደቀ ሸራው ይግላል፣ ይጨሳል፣ የመያዝ ኃይሉንም ያጣል። ሰው ሁሉ ፍሬን በጠሰ የሚለው አደጋ ብዙ ጊዜ የሚመጣው የተበጠሰ ነገር ኖሮ አይደለም፤ ከመጠን በላይ በጋለ ፍሬን ነው። የሸራው የቃጠሎ ሽታ እዚህ ላይ እንደ ቀይ መብራት መቆጠር አለበት።

መፍትሔው ቁልቁለቱን በማርሽ መያዝ ነው። የቆየው ደንብ አንድ ዳገት በወጡበት ማርሽ መውረድ ነው፤ ማርሹም የሚገባው ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ነው። ሞተሩ መኪናውን እየያዘ ሲወርድ ፍሬኑ ለመጠምዘዣዎቹ ይቆያል። ፍሬኑም ሲያዝ ያለማቋረጥ አይረገጥም፤ ጠበቅ ተደርጎ ይረገጥና ፍጥነቱ ሲወርድ ይለቀቃል፣ እንዲቀዘቅዝም ጊዜ ይሰጠዋል። ኢሱዙና መሰል የጭነት መኪኖች ያላቸው የጭስ መውጫውን የሚዘጋ የሞተር ፍሬን ለዚሁ የተሠራ ነው፤ ሲሠራ በዳሽቦርዱ ላይ የራሱ መብራት ይበራል።

የዚህ ተቃራኒ የሆነው ልማድ ማርሹን ፍሪ አድርጎ መውረድ ነው። ዓላማው ነዳጅ መቆጠብ ነው፤ ነገር ግን በኮምፒዩተር የሚታዘዙ ሞተሮች መኪናው በማርሽ ተይዞ ቁልቁል ሲወርድና የነዳጅ ፔዳሉ ሲለቀቅ ነዳጅ መርጨታቸውን ያቆማሉ። በፍሪ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣቱን ይቀጥላል። ሞተሩን አጥፍቶ መውረድ ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። የፍሬን ፔዳሉን የሚያግዘው ቫኪዩም የሚገኘው በሞተሩ ኃይል ነው፤ ሞተሩ ሲጠፋ እገዛው ለአንድ ሁለት እርግጫ ብቻ ይበቃል። ከዚያ በኋላ ፔዳሉ ድንጋይ ይሆናል፣ መሪውም ይከብዳል፤ ቁልፉ ከተነቀለ ደግሞ መሪው ይቆለፋል።

ፍሬን እምቢ ያለው አሽከርካሪ ያለው ምርጫ ጥቂት ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ይታወቃል። ፔዳሉ በፍጥነት ደጋግሞ ይረገጣል፤ ማርሹ በየተራ ይቀነሳል፤ የእጅ ፍሬን ቀስ በቀስ ይሳባል፤ አራቱም ፍሬቻ ይበራል፤ ክላክስ ያለማቋረጥ ይነፋል። ሁሉም ካልያዘ መኪናውን ወደ ገደሉ ሳይሆን ወደ ተራራው ጎን አስጠግቶ ከአፈር ወይም ከዳገት ጋር ማሻሸት ይመረጣል። ሞተሩ ግን መኪናው እስኪቆም አይጠፋም።

በሲኖትራክና በሌሎች ከባድ መኪኖች ላይ ፍሬኑን የሚያሠራው የታመቀ አየር ነው። በዳሽቦርዱ ላይ የአየሩን ግፊት የሚያሳዩ ጌጆች አሉ፤ ግፊቱ ከተወሰነው በታች ሲወርድ ቀይ መብራት ይበራል፣ ድምፅም ይጮኻል። ሞተሩ እንደተነሳ ግፊቱ ሞልቶ ድምፁ እስኪቆም መጠበቅ ግዴታ ነው። በጉዞ ላይ ድምፁ ከጀመረ አየር እየሸሸ ነው። ግፊቱ እጅግ ሲወርድ የኋላ ጎማዎችን የሚይዘው የስፕሪንግ ፍሬን በራሱ ስለሚቆልፍ፣ አሽከርካሪው ከዚያ በፊት ከመንገዱ መውጣት አለበት። በአየር ታንከሮቹ ውስጥ የሚጠራቀመውን ውሃ በየቀኑ ማፍሰስም የረዳቱ የጧት ሥራ ነው።

(የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

የሞተሩን ሕይወት የሚጠብቁት ቀይ መብራቶች ሦስት ናቸው፤ የዘይት፣ የሙቀትና የባትሪ።

የዘይት መብራት ከአፉ ጠብታ የሚወርድበት የዘይት ጣሳ ምስል ነው። በአብዛኞቹ መኪኖች ይህ መብራት የሚናገረው የዘይቱን መጠን ሳይሆን ግፊቱን ነው። ስለዚህ መብራቱ አልበራም ማለት ዘይቱ ሙሉ ነው ማለት አይደለም፤ የዘይቱ ልክ የሚታወቀው በመለኪያ ዘንጉ ነው። መብራቱ በጉዞ ላይ ከበራ ግን በሚሽከረከሩት ብረቶች መካከል ዘይት እየደረሰ አይደለም። መኪናው ዳር ይይዛል፣ ሞተሩ ወዲያው ይጠፋል። የሚቀጥለው ከተማ ቅርብ ነው ብሎ ጥቂት ኪሎ ሜትር መሄድ ሞተሩ እንዲነክስ በቂ ነው፤ በአንድ ሊትር ዘይት ይድን የነበረው ሞተር ወደ ሙሉ እድሳት ይገባል።

የሙቀት መብራቱ በውሃ ሞገድ ላይ የቆመ ቴርሞሜትር ምስል ነው። እዚህ ላይ የደጋው ከፍታ የራሱ ድርሻ አለው። በባሕር ወለል ላይ በ100 ዲግሪ የሚፈላው ውሃ ወልድያ ላይ በ93 ዲግሪ ገደማ፣ ጋሸና አካባቢ ደግሞ በ90 ዲግሪ ይፈላል። የሞተሩ የሥራ ሙቀት ራሱ 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነ፣ ውሃው ሳይፈላ እንዲቆይ የሚያደርገው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ ግፊት አምቆ በመያዝ የመፍያውን ነጥብ ከ20 ዲግሪ በላይ ከፍ ያደርገዋል። ጎማው ያለቀ ክዳን በቆላ ላይ ሳይታወቅ ቆይቶ ድልብን ሲወጣ ውሃውን የሚያፈላው ለዚህ ነው። ለራዲያተር የተሠራው ማቀዝቀዣ ፈሳሽም ከተራ ውሃ ይሻላል፤ ዝገትን ይከላከላል፣ የመፍያ ነጥቡንም ከፍ ያደርጋል።

እንደ ቪትዝ ባሉ ብዙ ትንንሽ መኪኖች ላይ የሙቀት ጌጅ የለም። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ ሰማያዊ ቴርሞሜትር ይበራል፤ ሲሞቅ ይጠፋል፤ ከመጠን በላይ ሲግል ቀዩ ይመጣል። በመካከል ምንም ማስጠንቀቂያ ስለሌለ፣ በእነዚህ መኪኖች ቀዩ ሲበራ አንድ ደቂቃም ማባከን አይገባም። ኤሲ ይጠፋል፤ መኪናው ዳር ይይዛል፤ ሞተሩ ጠፍቶ እስኪቀዘቅዝ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይጠበቃል። የራዲያተሩ ክዳን እንደጋለ ከተከፈተ የታመቀው ውሃ በእንፋሎት ይፈነዳል፤ ፊትና እጅ ይቃጠላል። በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መጨመር ደግሞ ቴስታታውን ሊሰነጥቀው ይችላል።

የባትሪው መብራት ስሙ የባትሪ ይሁን እንጂ የሚናገረው ስለ ዲናሞው ነው። በጉዞ ላይ ሲበራ መኪናው በባትሪው ክምችት ብቻ እየሄደ ነው። ቀን ከሆነ ሬዲዮን፣ ኤሲንና ሌሎች ኃይል የሚበሉ ነገሮችን አጥፍቶ በአቅራቢያው ወዳለ ጋራዥ መድረስ ይቻል ይሆናል፤ ማታ ከሆነ መብራቶቹ እየደከሙ ስለሚሄዱ ጉዞው ባይቀጥል ይሻላል። ከዚያ በፊት ግን ኮፈኖው ተከፍቶ ቺንጋው መታየት አለበት። በብዙ መኪኖች ዲናሞውንና የውሃ ፓምፑን የሚያዞረው አንድ ቺንጋ ነው፤ ከተበጠሰ የባትሪው መብራት የሙቀቱ መብራት መቅድም ነው፣ መኪናውም መንቀሳቀስ የለበትም።

ከቢጫዎቹ መካከል በብዛት የሚታየው በሞተር ቅርጽ የተሠራው ቼክ ኢንጂን ነው። ያለማቋረጥ ከበራ የሞተሩ ኮምፒዩተር አንድ ስህተት መዝግቧል፤ ከላላ የነዳጅ ክዳን እስከ ተበላሸ ሴንሰር ብዙ ምክንያት ሊኖረው ይችላል። በወልድያም ሆነ በሌላ ከተማ ዲያግኖስቲክ ማሽን ያለው ጋራዥ ኮዱን አንብቦ ምክንያቱን ያጠብበዋል። ኮዱን ማጥፋት ግን ጥገና አይደለም፤ ምክንያቱ ካልተወገደ መብራቱ ይመለሳል። መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ደግሞ ሞተሩ ነዳጁን በትክክል እያቃጠለ አይደለም፤ ያልተቃጠለ ነዳጅ ወደ ማርሚታው እየሄደ ስለሆነ ፍጥነት ቀንሶ መቆም ይገባል።

በናፍጣ መኪኖች ላይ ሁለት ተጨማሪ መብራቶች አሉ። እንደ ስፕሪንግ የተጠቀለለ ሽቦ ምስል ያለው ቢጫ መብራት ሲሊንደሮቹ እየሞቁ መሆኑን ይናገራል፤ በደጋ ብርድ ጧት መብራቱ እስኪጠፋ ጠብቆ ማስነሳት ባትሪውንና ሞተሪኖውን ያድናል። ሁለተኛው በነዳጁ ውስጥ ውሃ መጠራቀሙን የሚያሳውቀው ነው። በጀሪካን የተቀዳና ምንጩ የማይታወቅ ናፍጣ ብዙ ጊዜ ውሃና ቆሻሻ ይዞ ይመጣል። መብራቱ ሲበራ ከነዳጅ ማጣሪያው ሥር ያለው ማፍሰሻ ተከፍቶ ውሃው መውጣት አለበት፤ ካልሆነ ውሃው የነዳጅ ፓምፑንና መርጫዎቹን ያበላሻል።

(የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

እስካሁን የተነገረው አደጋ እንዳይደርስ የሚያደርገው ነው። አደጋው ከደረሰ ሰውን የሚይዘው በመጀመሪያ የደህንነት ቀበቶው ነው። ዛሬ ያለው በሦስት ነጥብ የሚያያዘው ቀበቶ የቮልቮ ኩባንያ መሐንዲስ በሆነው በኒልስ ቦሊን ተሠርቶ በ1959 እ.ኤ.አ. መኪና ላይ ተገጠመ፤ ኩባንያውም ሌሎች አምራቾች በነፃ እንዲጠቀሙበት ፈቀደ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ቀበቶ በፊት ወንበር የተቀመጡ ሰዎችን የመሞት አደጋ በግማሽ ያህል ይቀንሳል።

ምክንያቱ በስሌት ይታያል። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ በግማሽ ሜትር ርቀት ውስጥ ቢቆም፣ በውስጡ ያለው ሰው ላይ የሚመጣው ጫና የክብደቱን 20 እጥፍ ያህላል። እናት በጉልበቷ ላይ የያዘችው 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በዚያ ቅጽበት 200 ኪሎ ይሆናል። የትኛዋም ክንድ ይህን አትይዝም። በኋላ ወንበር ያለ ቀበቶ የተቀመጠ ሰውም በዚያው ኃይል ወደ ፊት ተወርውሮ ከፊቱ ያለውን ይጎዳል።

ቀበቶው የሚጠቅመው በትክክል ሲታሰር ነው። የታችኛው ክፍል በሆድ ላይ ሳይሆን በዳሌ አጥንት ላይ ያርፋል፤ የላይኛው በትከሻና በደረት መካከል ያልፋል፤ በብብት ሥር ወይም በጀርባ በኩል አይደረግም። ነፍሰ ጡር ሴትም ታስራለች፤ የታችኛው ክፍል ግን ከሆዷ ሥር መዋል አለበት። ቀዩ የቀበቶ መብራትና የሚጮኸው ድምፅ የቆሙት ለዚህ ነው። ድምፁን ዝም ለማሰኘት ባዶ መቆለፊያ የሚሰካ ወይም ቀበቶውን ከጀርባው አሳልፎ የሚቆልፍ አሽከርካሪ ያታለለው መኪናውን ሳይሆን ራሱን ነው።

ኤርባግ የቀበቶው ረዳት እንጂ ምትኩ አይደለም። ግጭት ሲደርስ ከ30 እስከ 50 ሚሊ ሴኮንድ ባለ ጊዜ ውስጥ ይነፋል። በዚያ ፍጥነት የሚመጣ ከረጢት ቀበቶ ያላሰረና ወደ ፊት የተጠጋ ሰውን ራሱ ሊጎዳ ይችላል። ስለዚህ አሽከርካሪው ደረቱ ከመሪው ቢያንስ 25 ሴንቲ ሜትር መራቅ አለበት፤ ሕፃናት ደግሞ ከኋላ መቀመጥ አለባቸው። ኤርባግ ባለበት የፊት ወንበር ላይ ፊቱን ወደ ኋላ ያዞረ የሕፃን መቀመጫ ፈጽሞ አይቀመጥም። የተቀመጠ ሰው ከፊቱ ኳስ የመሰለ ክብ ያለበት ቀይ ወይም ቢጫ መብራት በርቶ ከቆየ ኤርባጉ በሚያስፈልግበት ጊዜ ላይከፈት ይችላል።

ኤቢኤስ የተባለው ሥርዓት ፍሬን በኃይል ሲያዝ ጎማዎቹ እንዳይቆልፉ ያደርጋል፤ ጥቅሙ ፍሬን ተይዞም መሪው መታዘዙ ነው። ሲሠራ ፔዳሉ ከእግር ሥር ይንቀጠቀጣል፣ ይንኳኳል። ብዙ ሰው በዚህ ደንግጦ እግሩን ያነሳል፤ ትክክለኛው ግን አጥብቆ ረግጦ እንቅፋቱን በመሪ ማለፍ ነው። የኤቢኤስ ቢጫ መብራት ብቻውን ከበራ ተራው ፍሬን ይሠራል፣ ጎማው ግን ሊቆልፍ ይችላል። ከቀዩ የፍሬን መብራት ጋር አብሮ ከበራ መኪናው መቆም አለበት። ኤቢኤስ የመቆሚያ ርቀትን ሁልጊዜ አያሳጥርም፤ በጠጠር መንገድ ላይ እንዲያውም ሊያረዝመው ስለሚችል ቀድሞ ፍጥነት መቀነስ ያስፈልጋል። የሚንሸራተት መኪና ምስል ያለበት ቢጫ መብራት ደግሞ የመረጋጊያ ሥርዓቱ ነው። ብልጭ ድርግም ካለ ጎማው እየተንሸራተተና ሥርዓቱ እየረዳ ነው፤ ይህም በዝናብ ወይም በጭቃ ላይ ፍጥነት የመቀነሻ ምልክት ነው። በርቶ ከቀረ ሥርዓቱ ጠፍቷል ወይም ተበላሽቷል።

በአዳዲስ መኪኖች የጎማ አየር ሲጎድል የጎማ ቅርጽ በውስጡ የቃለ አጋኖ ምልክት ይዞ ቢጫ ይበራል። አየሩ የጎደለ ጎማ ሲሄድ ይተጣጠፋል፣ ይግላል፣ በቆላ ሙቀትና በከባድ ጭነት ሊፈነዳ ይችላል። አየር የሚለካው ጧት ጎማው ሳይግል ነው፤ ልኩም ብዙ ጊዜ በአሽከርካሪው በር አጠገብ በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ተጽፏል።

(የሙዚቃ መሸጋገሪያ)

የመብራት መቆጣጠሪያዎችም ከደህንነት ሥርዓቶቹ ይቆጠራሉ። በመርሳና በቆቦ ሜዳ ማታ ከብት፣ ግመልና እግረኛ መንገድ ላይ ይገኛሉ፤ ረጅም መብራት ያስፈልጋል። ሰማያዊው የረጅም መብራት ምልክት በበራ ቁጥር ግን ከፊት የሚመጣው አሽከርካሪ እየታወረ መሆኑን ማሰብ ይገባል፤ መኪና ሲመጣ ወይም ከፊት ያለ መኪና ሲቃረብ ወደ አጭር ይወርዳል። በክረምት ጉም በሚያለብሰው ዳገት ላይ ረጅም መብራት ከጉሙ ተመልሶ የነጂውን ዓይን ስለሚወጋ አጭሩና የጉም መብራቱ ይሻላሉ። ፍሬቻው ከወትሮው በፍጥነት የሚመታ ከሆነ በብዙ መኪኖች አንዱ አምፖል መቃጠሉን ያሳያል። እንደ ባጃጅ ባሉ፣ የማስጠንቀቂያ መብራታቸው ጥቂት በሆነ ተሽከርካሪዎች ላይ ደግሞ የፍሬን፣ የመብራትና የጎማ ፍተሻው በየጧቱ በዓይንና በእጅ መደረግ አለበት።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች ቁጥር እየጨመረ ነው። ብዙዎቹ ከቻይና ስለሚመጡ የስክሪናቸው ጽሑፍ በቻይንኛ ሊሆን ይችላል፤ ምልክቶቹና ቀለሞቹ ግን ያው ናቸው። የኤሊ ምስል ሲበራ መኪናው ጉልበቱን ቀንሷል፤ ብዙ ጊዜ ባትሪው በመመናመኑ ነው። ቀይ የባትሪ ወይም የሞተር ማስጠንቀቂያ ሲመጣ ደግሞ መኪናው ቆሞ ሰው ሁሉ መውረድና መራቅ አለበት። ብርቱካናማ ሽፋን ያላቸው ሽቦዎች ከፍተኛ ኃይል ስለሚያስተላልፉ ካልሠለጠነ ሰው እጅ መራቅ ይኖርባቸዋል። ለተራራ መንገድ ደግሞ አንድ የተለየ ጉዳይ አለ። የኤሌክትሪክ መኪና ቁልቁል ሲወርድ ሞተሩ እንደ ዲናሞ ሆኖ መኪናውን ይይዛል፣ ባትሪውንም ይሞላል። ባትሪው ጫፍ ድረስ የተሞላ ከሆነ ግን ተጨማሪ የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው ይህ አያያዝ ይቀንሳል፣ ሸክሙም በፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ከጋሸና ወደ ወልድያ ለመውረድ የተነሳ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪው ጥቂት ቢጎድል ይሻላል።

መብራት ሲበራ የት እንደሚቆም ማወቅም የእውቀቱ ክፍል ነው። ከመጠምዘዣ በኋላ፣ በድልድይ ላይና በጠባብ ቁልቁለት ላይ መቆም ሌላ አደጋ ይጠራል። ከአስፋልቱ ወጥቶ ቀጥ ያለ ቦታ ይመረጣል፤ አራቱም ፍሬቻ ይበራል፤ የእጅ ፍሬን ተስቦ ጎማው በታኮ ይያዛል። አንጸባራቂው ሦስት ማዕዘን ከመኪናው ኋላ ቢያንስ 50 ሜትር፣ በፈጣን መንገድ ላይ 100 ሜትር ርቆ ይቀመጣል፤ መጠምዘዣ ካለ ከመጠምዘዣው በፊት ይሆናል። በድንጋይና በቅጠል የሚደረገው ምልክት ማታ አይታይም፤ መኪናው ተጠግኖ ሲሄድም ድንጋዩ መንገድ ላይ ቀርቶ ለሌላው ጠንቅ ይሆናል። የተደረደረ ድንጋይ ሁሉ መኪናው ጉዞ ከመቀጠሉ በፊት ከመንገዱ መነሳት አለበት።

ዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ ተደርጎ ቦሎ መለጠፉ መኪናው በዚያ ቀን ያለበትን ሁኔታ ይመሰክራል፤ የቀሩትን ቀናት የሚጠብቀው አሽከርካሪው ነው። መብራት የታየበት መኪና ጋራዥ ሲገባ መካኒኩ የሚያስፈልጉት መረጃዎች አራት ናቸው፤ የትኛው ምልክት እንደበራ፣ ቀለሙ ምን እንደነበር፣ ያለማቋረጥ በርቶ ነው ወይስ ብልጭ ድርግም እያለ፣ ሲበራም መኪናው ዳገት ላይ፣ ቁልቁለት ላይ ወይስ ሜዳ ላይ እንደነበር። ምልክቱንና ቀለሙን ለማሳየት በስልክ የተነሳ የዳሽቦርዱ ፎቶ በቂ ነው፤ የሚነሳው ግን መኪናው ከቆመ በኋላ ነው።